አሸንፌ እንኳ «ዲ» ይለኛል

የጌም ገጽ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር፣ ከአባይ ማዶ ነው። ወንድሜ ትንሽ ጌም ቤት አለው። እሱ ጠዋት ጠዋት ሌላ ሥራ ስላለው ቤቱን የምከፍተው እኔ ነኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ሰው የለም፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጢም ይላል፤ የሚጫወቱት ግን ያው ኳስ ነው። እኔም የማውቀው ኳስ ብቻ ነበር።

በቅርቡ የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ «ዴቪል ሜይ ክራይ 5» የሚባል ጌም ይዞልን መጣ። ሲጫወተው አይቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጭራቁን በሰይፍ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ አየር ላይ እንዳለ ይቀጠቅጠዋል፤ መሬት ሳይነካ በሽጉጥ ይደግመዋል። ሙዚቃውም አብሮት ይግላል። እሱ ሲሄድ እኔ ጀመርኩት። ጋሼ፣ እንዲህ ያበገነኝ ነገር የለም።

ገና ሲከፈት ዙፋን ላይ የተቀመጠ ግዙፍ ጭራቅ አመጡብኝ። ብመታው ብመታው አይሰማውም። አንዴ ሲያገኘኝ አለቀልኝ። ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ትንንሾቹን ሳሸንፍ ደግሞ በስተቀኝ በኩል «ዲ» የሚል ፊደል ይወጣል። አሸንፌ ዲ? ወደ ላይ የሚያነሣው ምት አንዳንዴ እሺ ይለኛል፤ አንዳንዴ እሱን ስፈልግ ልጁ ወደ ፊት ተስፈንጥሮ ይወጋል። አንዳንዴም ምንም ሳልነካው ራሱ ወደ ጎን ይሄዳል። ከሰዓት የሚመጡት ልጆች ሰይፉን የሚያስመታውን የትሪያንግል ቁልፍ ብቻ ስነካ አይተውኝ «ትሪያንግል ብቻ» የሚል ስም አወጡልኝ። ሆዱ ላይ አፍ ያለው ቦስ (ትልቁ ጭራቅ) ጋ ስደርስ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ተነሣሁ።

በዚያ ላይ እናቴ ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ከወንድሜ ሰምታ «የሰይጣን ነገር ቤቴ አታስገቡ» ብላለች።

ጣቴ ዘገምተኛ ሆኖ ነው? ልተወው? ወይስ ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ?

አንባቢዎ፣ ከአባይ ማዶ

መልስ፦

እህቴ፣ ጣትሽ ምንም አልሆነም። ጌሙንም ተይው አልልሽም። ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ ወይ ላልሽው ግን፣ አለ፤ ያውም ብዙ። ጌሙ ራሱ ግማሹን አይናገርም።

ዙፋን ላይ የተቀመጠው ዩራይዘን ይባላል። ያ ፍልሚያ የተሠራው ተጫዋቹ እንዲሸነፍ ነው። ስትሸነፊ ታሪኩ ይቀጥላል፤ እንዳየሽውም ቀጥሏል። በዚያ ሰዓት ኔሮ፣ ማለትም አንቺ የምታንቀሳቅሽው ልጅ፣ አቅሙ ገና ነው። ታሪኩ የሚነሣውም ከዚያ ሽንፈት ነው። ይህን ባለማወቅ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብለው ጌሙን እዚያው የዘጉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሁሌም ይቆጨኛል። አንቺ አልዘጋሽውም። ጎበዝ።

ይህ የጌም ዓይነት ጀማሪን ማስጨነቅ የጀመረው ዛሬ አይደለም። የመጀመሪያው «ዴቪል ሜይ ክራይ» በ2001 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ። የሠራው የጃፓኑ ካፕኮም ነው፤ ዳይሬክተሩ ሂዴኪ ካሚያ ነበር። ሥራው ሲጀመር «ሬዚደንት ኢቭል» ለተባለው አስፈሪ ጌም ተከታይ እንዲሆን ታስቦ ነበር። መንገዱ ሲለወጥ ራሱን የቻለ ጌም ሆነ። ሦስተኛው በ2005 ሲመጣ ደግሞ ለአሜሪካ ገበያ በቀረበው ቅጂ ላይ «ኖርማል» የተባለው ደረጃ ጃፓን ውስጥ «ሃርድ» የነበረው ነው። ሰው ኖርማል መረጥኩ ብሎ ሃርድ ይጫወት ነበር ማለት ነው። በ2006 በወጣው ልዩ እትም ነው የተስተካከለው። አንቺ የያዝሽው አምስተኛው በማርች 2019 የወጣ ነው፤ ከነዚያ ይልቅ ለጀማሪ ያዝናል። ሲከፈት ሁለት ደረጃ ያቀርብልሻል፤ «ሂዩማን» እና «ዴቪል ሃንተር»። ሂዩማንን ምረጪ። የፈሪ ነው የሚልሽ ካለ አትስሚው። ከባዶቹ ደረጃዎች አንዴ ከጨረስሽ በኋላ ይከፈታሉ፤ የትም አይሄዱም።

አሁን ወደ ዲ እንምጣ።

ፊደሉ የሚለካው አመታትሽን ነው። ማሸነፍሽን ጌሙ ለብቻው ያውቀዋል። ከዲ ይነሣል፤ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ ወደ ኤስ፣ ደብል ኤስ፣ ትሪፕል ኤስ ይወጣል። ያንኑ ምት ስትደጋግሚ የሚጨምርልሽ እያነሰ ይሄዳል። ምት ስትቀያይሪ ይወጣል። ጭራቁ ሲያገኝሽ ይወርዳል፤ እጅሽን አጣጥፈሽ ስትቆሚም ይወርዳል። የአጎትሽ ልጅ ሲጫወት ሙዚቃው ይግላል ያልሽው እውነት ነው፤ ሙዚቃው ፊደሉን ይከተላል። ኤስ ስትደርሺ የዘፈኑ አዝማች ይገባል። ያቺን ቅጽበት በራስሽ እጅ ስታመጫት ምን እንደሚሰማሽ አሁን ልነግርሽ አልችልም፤ ደርሰሽ እይው።

እኛ ጎጃም ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። የቅኔ ተማሪ የሚነሣው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። መወድስ እስኪደርስ ብዙ ይቀረዋል። ትናንት የነገረውን ዛሬ ቢደግመው መምህሩ አይቀበለውም፤ በየቀኑ አዲስ ነው የሚጠበቅበት። ዋሸራም ሂጂ ጎንጅ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ጉባኤ ቃና ላይ ያለውን ተማሪ ግን «ደካማ» የሚለው የለም፤ ገና መንገድ ላይ ነው። አንቺም ዲ ላይ ስትሆኚ እንደዚያው ነሽ።

«ትሪያንግል ብቻ» ያሉሽ ልጆች አንድ የማያውቁት ነገር አለ። በትሪያንግል ብቻም ቢሆን ከአንድ በላይ ኮምቦ፣ ማለትም የተያያዘ የምት ቅደም ተከተል፣ ይወጣል። ቁልፉን ጠቅ ጠቅ ጠቅ ስታደርጊ አንዱ ይወጣል። ከመጀመሪያው ምት በኋላ ትንሽ ትንፋሽ ሰጥተሽ ብትቀጥዪ ደግሞ ሌላ ይወጣል። ጀማሪ ይህን የማያገኘው ሲጨነቅ ስለሚፈጥን ነው። ፔዳ አካባቢ የሚኖር አንድ ተማሪ አውቃለሁ፤ ሲጫወት ማየት ደስ ይለኛል። ሌባ ጣቱ ጭራቁ ላይ ከሚያነጣጥረው ከጆይስቲኩ የቀኝ ትከሻ ቁልፍ፣ ከአር ዋን፣ ላይ አይነሣም። አውራ ጣቱ ግን ብዙውን ጊዜ ቁልፎቹ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ሁለት ይነካል፤ ይቆማል። ጭራቁ ክንዱን ሲያነሣ ያያል፤ ወደ ጎን ያልፋል። ከዚያ አንድ ይነካል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሁካታና የልጁ እጅ ዝምታ አይገናኙም። ጣቱ ፈጣን ስለሆነ አይደለም ኤስ የሚያገኘው፤ መቼ እንደሚነካ ስለሚያውቅ ነው።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ቆም ብዬ ያነበብኩት ግን «ምንም ሳልነካው ወደ ጎን ይሄዳል» ያልሽውን ነው። እህቴ፣ ይሄ የአንቺ ችግር አይደለም። የጆይስቲኩ ነው።

የጌም ቤት ጆይስቲክ ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲጫወቱበት ይውላል። የግራው አናሎግ፣ ማለትም በአውራ ጣት የሚገፋው ዘንግ፣ ሥር አቅጣጫውን የሚለኩ ትንንሽ ክፍሎች አሉ። በመፈተግ ብዛት ይበላሉ። ከተበሉ በኋላ ማንም ሳይነካው «ወደ ግራ ተገፍቻለሁ» የሚል መልእክት ይልካሉ። ኳስ ላይ ተጫዋቹ ሁልጊዜ ስለሚሮጥ ማንም ልብ አይለውም። እዚህ ግን አንድ ምት ከሌላው የሚለየው አናሎጉ በየት በኩል እንደተገፋ ነው፤ ስለዚህ ያቺ ትንሽ መንሸራተት ሁሉን ታበላሽብሻለች። አሁኑኑ ፈትሺው። ጌሙን ክፈቺ፤ ጭራቅ በሌለበት ቦታ ኔሮን አቁሚው፤ ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ እጅሽን አንሺ። ልጁ ከተንቀሳቀሰ ወይም ካሜራው ከዞረ ጥፋተኛው ተገኘ። ያሉትን ጆይስቲኮች ሁሉ እንደዚህ አንድ በአንድ ሞክሪያቸው። ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ለይተሽ ፕላስተር ለጥፊበትና ከሰዓት እንዳያወጡት ለወንድምሽ ንገሪው። አር ዋንንም ፈትሺው፤ ተጭነሽ ስትይዥው የሚለቅ ከሆነ አይሆንሽም።

ቴሌቪዥኑም አለ። ይህ ጌም በሴኮንድ 60 ምስል እንዲያሳይ ሆኖ ነው የተሠራው። አንዱ ምስል የሚቆየው 17 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። ቴሌቪዥኖች ግን ምስል እናሳምር ብለው ስክሪን ላይ ከማውጣታቸው በፊት ያዘገዩታል። አንዳንዱ 100 ሚሊሴኮንድ ያህል ይወስዳል፤ ስድስት ምስል ማለት ነው። አንቺ የጭራቁን ክንድ ስታዪ ክንዱ ቀድሞ ወርዷል። ከዚያ «ዘገየሁ» ብለሽ ጣትሽን ትረግሚያለሽ። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ያዢ፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ከፒክቸር ምርጫዎች መካከል «ጌም ሞድ» የሚለውን ፈልገሽ አብሪው። ቀለሙ ትንሽ ሊደበዝዝብሽ ይችላል። ግድ የለም። ኳስ ተጫዋቾቹም ልዩነቱን ያዩታል፤ ለቤታችሁም ጥሩ ነው።

ዕቃው ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው እውነተኛ ትምህርት ይሄ ነው። ወደ ላይ የሚያነሣው ምት «ሃይ ሮለር» ይባላል። አር ዋንን እንደያዝሽ አናሎጉን ወደ ኋላ ስበሽ ትሪያንግል ነው። ተስፈንጥሮ የሚወጋው «ስትሪክ» ነው፤ አር ዋን፣ ወደ ፊት፣ ትሪያንግል። አንዱ በሌላው ቦታ የሚወጣብሽ «ኋላ» እና «ፊት» የሚለኩት ከጭራቁ ስለሆነ ነው። ወደ ጭራቁ መግፋት ፊት ነው፤ ከጭራቁ መሸሽ ኋላ ነው። ጭራቁ ስክሪኑ ላይ ከኔሮ በስተግራ ከቆመ ኋላሽ ቀኝ ነው። ጭራቁ ወደ አንቺ፣ ወደ ስክሪኑ ታች በኩል ከሆነ ደግሞ ኋላሽ ወደ ላይ ነው። አንቺ ሁልጊዜ ወደ ታች የምትስቢ ይመስለኛል፤ ያኔ ጭራቁ ታች በኩል ካለ ተስፈንጥሮ ይወጋል። ካሜራው ሲዞር ፊትና ኋላም አብረው ይዞራሉ። ይህን ጌሙ በደንብ አያስረዳም፤ እኔም የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። ጀማሪ በራሱ እንዲደርስበት መተው አልነበረበትም።

ሜኑው ውስጥ «ዘ ቮይድ» የሚባል የልምምድ ቦታ አለ። እዚያ ግቢ። አንድ ጭራቅ አቁሚ። አር ዋንን ይዘሽ ዙሪያውን ዙሪው፤ በግራው ቆመሽ ወደ ላይ አንሺው፤ በቀኙም፣ በፊቱም፣ በጀርባውም እንደዚያው። ሌላ ምንም አትሞክሪ። ከአራቱም አቅጣጫ ሳታስቢ ሲወጣልሽ አንድ ምት አውቀሻል። ሲነሣ ተከትለሽ ዝለዪና አየር ላይ ትሪያንግል ምቺ፤ ሲወርድ በስኩዌር ቁልፍ ተኩሺበት። የአጎትሽ ልጅ ሲያደርገው ያየሽው ይኸው ነው። ቀጥሎ አር ዋን ይዘሽ የክበቡን ቁልፍ ስትነኪ ኔሮ ጭራቁን በሽቦ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ከባድ ጭራቅ ከሆነ ግን የሚሳበው ራሱ ኔሮ ነው። ለማምለጥ አር ዋን ይዘሽ ወደ ጎን መዝለል። ለመጀመሪያ ጊዜ እነዚህ ይበቁሻል። ማንሣት፣ አየር ላይ መምታት፣ መተኮስ፣ መሳብ፣ ማምለጥ፤ እነዚህን እያፈራረቅሽ ብቻ ዲ ከፊትሽ ይጠፋል።

ሰይፉን የሚያስጠመዝዘውን የኤል ቱ ቁልፍ ለጊዜው እርሺው። የኔሮ ሰይፍ እጀታው እንደ ሞተር ሳይክል ጋዝ ይጠመዘዛል፤ ሲጠመዘዝ ምቱ ይበረታል፤ ልክ ምቱ ሲያርፍ ከጠመዘዝሽው ደግሞ ወዲያው ይሞላል። ደስ የሚል ነገር ነው። አሁን ግን ጣት ያስተጣጥፍብሻል።

«ኦቶ አሲስት» የሚባልም ታገኛለሽ። እሱ ሲበራ ትሪያንግልን ዝም ብለሽ ስትነኪ ጌሙ ራሱ የሚያምር ኮምቦ ያወጣልሻል። አንድ ቀን አብርተሽ ሰይፉ ምን ምን እንደሚችል እዪበት። ከዚያ አጥፊው። አብርቶ የጨረሰው ሰው ታሪኩን አይቷል፤ እጁ ግን ምንም አልተማረም። ታሪኩን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይሁን፤ አንቺ ግን ያንን የአጎትሽን ልጅ እጅ ነው የፈለግሽው።

የጌሙን ገንዘብ፣ ቀዩን ኦርብ፣ አታባክኚ። ስትሞቺ በሱ መነሣት ይቻላል፤ ያጓጓል። እኔ ግን ከቅርቡ ቼክፖይንት፣ ጌሙ ከያዘልሽ ቦታ፣ እንደገና ጀምሪ ነው የምልሽ። ኦርቡን ለችሎታ አውይው። መጀመሪያ የምትገዥው «ቴብል ሆፐር» ይሁን፤ ማምለጫሽን ያሰፋልሻል።

ሆዱ ላይ አፍ ያለው ጎልያድ ነው። ትልቅ ነው፤ ያስፈራል፤ ግን ዘገምተኛ ነው፤ የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድሞ ያሳውቃል። ክንዱን ሲያነሣ የጀመርሽውን ኮምቦ ተይው። እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚሞተው፤ «አንድ ልጨምር» ሲል። አልፈሽ ቁሚ፤ ክንዱ ሲወርድ በሽቦው ተስበሽ ድረሺበት፤ ጥቂት መትተሽ ውጪ። ከሆዱ የእሳት ኳስ ሲተፋ ሩቅ ሆነሽ ወደ ጎን ነው የምታልፊው። የመጀመሪያውን ፍልሚያ ሳትመቺው፣ ዝም ብለሽ ስታመልጪ ብቻ ተጫወቺው። ምን ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። ብትሞቺም ያወቅሽው አይጠፋም።

ሲያበግንሽ ደግሞ ዝጊው። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። እጅ የተማረውን አንጎል የሚያረጋጋው ስታርፊና ስትተኚ ነው፤ ዛሬ እምቢ ያለሽ ምት ነገ ጠዋት ሲከፈት ሊወጣልሽ ይችላል። ወንድምሽ ሲመጣ ቁልፉን አስረክበሽ አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግርሽ ተሻገሪ። 380 ሜትር ነው። እዚያው ብትመለሺም፣ እስከ ጣና ዳር ብትዘልቂም ያንቺ ፈንታ ነው። ዐይንሽም ከስክሪን ይረፍ።

ስለ እናትሽ። በክርክር ለመርታት አትሞክሪ። ጌሙ ስለ ምን እንደሆነ በእርጋታ ንገሪያቸው። እነ ኔሮና ዳንቴ ሥራቸው አጋንንትን ማደን ነው፤ ታሪኩ ከሰው ወገን ቆሞ አጋንንትን መውጋት ነው። ይህ እውነት ነው። ደም እንዳለበት፣ ስድብ እንዳለበትም አትደብቂያቸው። ያም እውነት ነው። «ቤቴ አታስገቡ» ካሉ ቤቱ የሳቸው ነው፤ እዚያው ጌም ቤት በጠዋት ተጫወቺ፤ ዲስኩንም እዚያው አሳድሪው።

አንድ ነገር ግን አደራ የምልሽ አለ። ጌሙ በአሜሪካ የዕድሜ ደረጃ አሰጣጥ 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ነው። ከሰዓት ከትምህርት ቤት የሚመጡት ልጆች ስንት ዓመታቸው ነው? ስም እስኪያወጡልሽ ድረስ ቆመው ካዩሽ፣ ጭራቁም ሲቆረጥ አይተዋል። እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ዝጊው። ይህን ለጌም ቤቱ ስም ብዬ አይደለም፤ ለልጆቹ ብዬ ነው።

ጥያቄ፦

የፖሊ ተማሪ ነኝ። «ዴቪል ሜይ ክራይ 5»ን ጓደኛዬ ጋ አይቼው ወደድኩት። ያለኝ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ነው። ኮንሶል የለኝም። በኪቦርድ ብጀምር ይሆናል? ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦

አምስተኛው አይከፍትልህም ወንድሜ። ቢያንስ 8 ጊጋ ራምና የተሻለ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ መጠኑም 35 ጊጋ ያህል ነው፤ እሱን ለማውረድ ዳታህን አትጨርስ። በ2008 የወጣው አራተኛው ለኮምፒውተርም ተሠርቷል፤ ለላፕቶፕህ ከአምስተኛው በጣም ይቀላል። በዚያ ላይ ኔሮ መጀመሪያ የመጣው እዚያ ነው፤ አር ዋን ይዞ ማንሣቱም፣ መሳቡም፣ ሰይፍ መጠምዘዙም ያው ነው። እሱ ላይ የተማርከው እጅ አምስተኛው ላይ አይጠፋም።

ካሚያ በኋላ የሠራው «ባዮኔታ»ም በ2017 ለኮምፒውተር ወጥቷል። ለጀማሪ እኔ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ምት ሊያርፍብህ ሲል በመጨረሻዋ ቅጽበት ካመለጥክ ጊዜው ራሱ ይዘገይልሃል። መጠበቅን ያስተምራል። ለአንተ ላፕቶፕ ግን ከአራተኛው ትንሽ ይከብዳል፤ መጀመሪያ አራተኛውን ሞክር።

ኪቦርድ አልመክርህም። ይቻላል፤ ግን አናሎግ የሚሰጥህን አቅጣጫ ሁሉ በአራት ቁልፍ ማግኘት አድካሚ ነው። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ በቻርጀሩ ዩኤስቢ ገመድ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል፤ የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበትና የሚከፈትበት ስቲም ያውቀዋል። ገመዱ ዳታ የሚያስተላልፍ መሆኑን እይ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ አለ፤ ብዙ ሰው በሱ ሰክቶ «ጆይስቲኩ ተበላሸ» ይላል። ከጌም ቤት ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ ገንዘብህን ከመስጠትህ በፊት እዚያው ሰክተህ እጅህን አንሣና ልጁ ቀጥ ብሎ መቆሙን እይ።